የእማማ ብርቱካን ምሽቶች

ቀጮ ባይኖኩላሩን ከዓይኗ አውርዳ እንደገና አነሳችው። ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። እማማ ብርቱካን ቦታዋ ላይ አለች፤ በሁለት ነጫጭ ኮከቦች መካከል፣ ልትዳፈን የተቃረበች ፍም የምትመስል ደብዛዛ ነጥብ። ግን ካለፈው ጊዜ ይልቅ ደክማለች።

«ከጫፉ ራቂ» አለች እናቷ ከጀርባዋ።

«እማዬ፣ ግንቡ እስከ ደረቴ ነው።»

«የወደቁት ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሉት።»

እናቷ የጣሪያው በር አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። የምትሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም የተጻፈበትን ወረቀት ከመደርደሪያ ስታወርድና ስትመልስ ስለምትውል፣ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ የዓለም በሽታ ሁሉ ተከትሏት ይገባል። ሳል ከሰማች ሳንባ ነው። ስልክ ካልተነሳ አደጋ ነው። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለውን ተረት አጥብቃ ታምንበታለች፤ ታዲያ ቀድማ ፈርታ ብትጨርሰው የማይደርስ ይመስል፣ ሁሉን ነገር ቀድማ ትፈራለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ልጇን ተከትላ አራት ፎቅ ደረጃ የምትወጣውም ማንም ለምኗት አይደለም።

ሥራውን የሰጣቸው የፊዚክስ መምህራቸው ነው። ለሁለት ተማሪ አንድ ባይኖኩላር፣ አንድ የሰማይ ካርታና አንድ ደብተር። ቀጮና ራዲዮ የሚሏት የክፍል ጓደኛዋ የደረሳቸው አንዲት ግዙፍ ብርቱካንማ ኮከብ ነች። ከፀሐይ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ እንዲህ ያሳነሳት ርቀቷ ነው። አርጅታለች፣ አብጣለች፤ ቀስ እያለች ስትነፋና ስትሟሽሽ ብርሃኗም በየሳምንቱ ይደምቃል፣ ይደክማል። ይህን ሲሰሙ ራዲዮ «ያረጀች፣ ያበጠች፣ መተንፈስ የሚያደክማት፤ ይቺማ እማማ ናት» አለች፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርታው ላይ በእማማ ብርቱካን ዙሪያ ያሉት ኮከቦች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፦ ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሰባት። ቁጥሮቹ በእውነቱ አምስት ነጥብ ስምንት፣ ስድስት ነጥብ ዜሮ እየተባሉ የሚነበቡ ናቸው፤ ነጥቧ ካርታው ላይ ያልተቀመጠችው ኮከብ እንዳትመስል ነው። ተመልካቹ እማማ ብርቱካን ከየትኛዋ በልጣ ከየትኛዋ እንደምታንስ ያይና በመካከላቸው ያለውን ቁጥር ይጽፋል። አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። «እንደ ክፍል ደረጃ ነው» ብሏቸው ነበር መምህሩ፣ «አንደኛ የወጣ ያበራል፣ ስልሳኛ የወጣ ደግሞ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።» ክፍሉ በሙሉ ስልሳኛ ወደወጣው ልጅ ዞሮ ሳቀ።

ያን ቀን ራዲዮ ትኩሳት ይዟት ቀርታ ነበር። በማግስቱ ቀጮ በችኮላ አስረዳቻት፦ ሃያ ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ተቀመጪ፣ ዓይንሽ ይልመድ፣ አታፍጥጪባት፣ ገረፍ አድርገሽ እዪ፣ ከዚያ ቁጥር ጻፊ። የቁጥሩን አካሄድ አልነገረቻትም። ለምን ትነግራታለች? ካርታውን ይዞ ቀና ላለ ሰው ራሱ ሰማዩ ይነግረዋል።

ባይኖኩላሩና ደብተሩ አንድ ምሽት እዚህ፣ አንድ ምሽት ራዲዮ ቤት ያድራሉ። የዛሬው ሃያ ሰባተኛው ነው። ሠላሳ ምሽት የሞላላቸው ጥንዶች ተራራው ላይ ወዳለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ለሁለት ቀን ይሄዳሉ። ራዲዮ አውቶቡሱ ውስጥ ማን መስኮት ጋ እንደሚቀመጥ ሳይቀር ወስናለች፤ ራሷ።

ቀጮ በቀይ ፌስታል በተጠቀለለችው ባትሪ ደብተሩን አበራችና ስልሳ ስድስት ብላ ጻፈች። ከላይ፣ የትናንቱ፣ በራዲዮ እጅ የተጻፈው፣ ሃምሳ ሰባት ይላል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የራሷን ዓይን ነው። መምህሩ ቀላ ያለ ኮከብ ላይ ያፈጠጠ ሰው ይሳሳታል ብሏል። ግን ያፈጠጠ ሰው ኮከቡ የሚደምቅ ነው የሚመስለው፤ እሷ ያየችው ደግሞ ድካም ነው። ባይኖኩላሩን አንስታ ገረፍ አድርጋ አየች። ስልሳ ስድስት።

ገጹን ወደኋላ ገለጠች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሁለቱም ቁጥር ስልሳ፣ ስልሳ እያለ ተስማምቶ ይሄዳል። ከዚያ የእሷ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ ስድስት እያለ ይወጣል። የራዲዮ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት እያለ ይወርዳል። በእርሳስ ስታያይዘው የመጋዝ ጥርስ ሆነ። እንዲህ ከሆነ እማማ ብርቱካን ቀጮ ስታያት ትታመማለች፣ ራዲዮ ስታያት ትድናለች ማለት ነው።

ከዚያ ነገሩ ገባት። ራዲዮ ክፍል ስትገባ ሁልጊዜ «እማማ እንዴት አመሸች?» ብላ ትጠይቃለች። ቀጮም ሰሞኑን «ደክማለች» እያለች ትመልሳለች። ራዲዮ ደከመች ሲሏት የቀጮን ቁጥር ሳታይ ከራሷ ላይ ትቀንሳለች። ኮከቦቹን ያየ ሰው በሌላ ነገር ይሳሳት ይሆናል እንጂ በዚህ አይሳሳትም። ደከመች ሲባል ቁጥር የሚቀንሰው ጨርሶ ያላየ ሰው ብቻ ነው።

«ፊትሽ ምነው?» አለች እናቷ ከባልዲው ላይ ተነስታ። «ብርዱ ነው። ብያለሁ።»

በማግስቱ፣ በከሰዓት ፈረቃ የዕረፍት ሰዓት ላይ፣ ቀጮ ራዲዮን ከቤተ ሙከራው ጀርባ አገኘቻት። ራዲዮ የተባለችው ስለማትዘጋ ነው፤ ፈተና ላይ እንኳ ጥያቄውን ለራሷ ስታነብ ሦስት ወንበር ድረስ ይሰማል። መጀመሪያ ሳቀችባት። የተበላሸው ያንቺ ዓይን ነው፣ ካሮት ብዪ አለቻት። ቀጮ የመጋዙን ጥርስ አሳየቻትና የቁጥሩን አካሄድ ነገረቻት። ራዲዮ ደብተሩን ረዘም ላለ ጊዜ አየች።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ኮከቧ ትከሰናለች?»

ይሄኔ የቀጮ ደም ፈላ። እኔ ጣሪያ ላይ በብርድ ስንቀጠቀጥ አንቺ አልጋሽ ውስጥ ተጠቅልለሽ ቁጥር ትፈለፍያለሽ አለቻት። በደብተሩ ሽፋን ላይ የእኔም ስም እንዳለ ረሳሽው ወይ አለቻት። አሁኑኑ ለቲቸር እነግራለሁም አለቻት። ራዲዮ መልስ ትሰጣለች ብላ ስትጠብቅ ዝም አለች። የራዲዮ ዝምታ መብራት እንደሄደበት ቤት ነው፤ ሰው ቆም ብሎ ዙሪያውን እንዲያይ ያደርጋል።

«ዛሬ ማታ ቤት ነይ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ ለፈለግሽው ንገሪ።»

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጀምበር ጠልቃለች። ከአውቶቡስ ወርደው ወደ እነ ራዲዮ ግቢ ሲሄዱ ራዲዮ እንደ ልማዷ የቀጮን ክንድ ያዘች። ለሦስት ዓመት ሲመሽ ሲመሽ ትይዛታለች፤ ቀጮ ፍቅር ይመስላት ነበር። የራዲዮ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመኪናቸው ድምፅ ከመስኮቱ እየተንጣጣ ይወጣል። ሁለቱ ልጆች በጓሮ በኩል ዞረው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ። በመሃል የቀጮ እናት ሁለት ጊዜ ደወለች፤ በሁለተኛው «እስቲ እሷን አቅርቢልኝ፣ ድምፅዋን ልስማ» አለች። ራዲዮ ደኅና መሆናቸውን አረጋግጣ ስልኩን መለሰች።

«አሁን ስንት ኮከብ ይታይሻል?» ስትል ጠየቀች።

ቀጮ ቀና አለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለመቁጠር አይመችም፣ መቶ ሳይሆን አይቀርም አለች።

«እኔን ሁለት» አለች ራዲዮ። «አንዷ አውሮፕላን ካልሆነች።»

ቀጮ መሳቅ ጀመረችና ራዲዮ እንዳልሳቀች ስታይ ተወችው።

ራዲዮ ፊት ለፊቷን ጨለማውን እያየች ነገረቻት። የመጀመሪያው ምሽት ላይ እዚሁ ደረጃ ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጣለች። የባይኖኩላሩ ክዳን ያልተነሳ መስሏት ሁለት ጊዜ በጣቷ ዳብሳዋለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሷ ጥቁር ነገር እያየ የሚፎክር መሰላት። ድሮም ሲመሽ ትንሽ ያስቸግራት ነበር፤ ዘንድሮ ባሰ። አውቶቡሱን የምትለየው በሞተሩ ድምፅ ነው። ከፌርማታው እስከ ግቢው በር ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ድንጋይ ካላኖረባት አትሳሳትም።

«ለምን ለእናትሽ አልነገርሻቸውም?»

«ከነገርኳትማ በነጋታው እዚህ ሰፈር ያለው የጠዋት ትምህርት ቤት ታስገባኛለች። ቤተ ሙከራ የለው፣ አንቺ የለሽ፣ ምን አለው?» ራዲዮ ጉልበቷን አቀፈች። «ዓመቱ ይለቅ ብቻ። እስከዚያ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

ቀጮ እሺም እንቢም አላለችም። ራዲዮ ግን እሺታ አድርጋ ወሰደችውና ተነሳች። ስትነሳ እግሯ ደረጃው ሥር የተቀመጠ ሳፋ መታ፤ ሳፋው እየተንኳኳ ተንከባለለ። ማንም ሳይስቅባት ቀድማ ሳቀች። ከውስጥ የልብስ ስፌት መኪናው ቆመ።

«ምንድን ነው?» አሉ እናቷ።

«ድመት ናት» አለች ራዲዮ።

መኪናው እንደገና መንጣጣት ጀመረ። ቀጮን ከሁሉም የከበዳት ያ ነው፤ «ድመት ናት» የሚለው ከራዲዮ አፍ የወጣበት ፍጥነት። ብዙ ጊዜ ተብሎ የለሰለሰ ቃል ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ የነገውን የደንብ ልብስ እየተኮሰች ነው። ቀና ብላ አየቻትና «ማን ሞተ?» አለች።

ቀጮ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። አውቶቡስ ውስጥ ሆና ስታስብበት መጥታለች። ሳል ሰምታ ሳንባ ለምትል ሴት እንዲህ ያለውን ነገር መንገር እሳት ላይ ጋዝ መድፋት ነው። እናቷ ጮኻ ሰፈሩን ታነቃዋለች፣ ራዲዮ ቤት በእግሯ ትደርሳለች። ሆኖም ሌላ የምትጠይቀው ሰው አላገኘችም። ስለዚህ ጥያቄውን አዙራ አመጣችው፤ አንድ ሰው ቀን ደኅና እያየ ሲመሽ የማይታየው ከሆነ ምን ይሆናል አለች።

እናቷ አልጮኸችም። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና አቆመችው።

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

እናቷ በረዥሙ ተነፈሰች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለ ካርድ ክፍሉ መናገር ጀመረች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ካርድ ይዛለች። ሐኪም አይደለችም፤ ምን ያመዋል ቢሏት አታውቅም። ግን ካርዱን በእጇ ስትይዘው ውፍረቱ ይነግራታል። በጊዜ የመጣ ሰው ካርዱ ስስ ነው፤ ሁለት ሦስት ቅጠል። ተደብቆ ተደብቆ የመጣው ደግሞ እንደ ጡብ ነው፣ በክር ይታሰራል። እንዲህ ያለው የዓይን ነገር አንዳንዱ በክኒን የሚስተካከል ነው ሲሉ ሰምታለች። አንዳንዱ አይስተካከልም፤ ለዚያም ቢሆን በጊዜ የሚደረግለት ነገር አለ።

«ሰው ሁሉ ክፉ ክፉውን የማስብ ይመስለዋል» አለች። «እኔ የማስበው ካርዱን ነው።»

«ይድናል?» አለች ቀጮ።

እናቷ ለሁሉም ነገር መጥፎውን መልስ አዘጋጅታ የምትኖር ሴት ነች። አሁን ግን ልጇን እያየች «አላውቅም» አለች። ቀጮ ይህን ቃል ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም፤ ከሳንባውም ከአደጋውም ይልቅ እሱ አስፈራት።

«ስሟን አትንገሪኝ» አለች እናቷ። «ሐሙስ የዓይን ሐኪሙ ይመጣል። ሰው ከንጋቱ ነው የሚሰለፈው። የመጀመሪያዋን ካርድ ምንም ሳልጽፍባት ይዣት እቀመጣለሁ።» ከዚያ ተነስታ ካውያውን ሰካች።

ያን ምሽት ቀጮ ደብተሩን በንጹሕ ወረቀት ላይ ገለበጠች። የራሷን አሥራ አራት ምሽቶች እንዳሉ አሰፈረች። የራዲዮ አሥራ ሦስቱ ላይ ስትደርስ ቁጥር አልጻፈችም፤ በየቦታው አጭር ሰረዝ አኖረች። ከሰረዞቹ ጋር ተራራው፣ ትልቁ ቴሌስኮፕ፣ የአውቶቡሱ መስኮት አንድ በአንድ ሲሄዱ ታዩአት። ሆድ ባሳት፤ ግን ቀጥላ ጻፈች።

ረቡዕ ዕለት መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ሰረዞቹን በጣቱ ቆጠረ። «ጓደኛሽ ሰንፋ ነው?» አላት። አይደለም አለችው። ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ጠበቃት፤ አልጨመረችም። በአሥራ አራት ምሽት ተራራ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ አይደል አላት። አውቃለሁ አለች። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሳይሆን መጽሐፉ ውስጥ አስገባው፣ እንዳይጨማደድ።

ራዲዮን ስታገኛት ስለ ሰረዞቹም ስለ ባዶዋ ካርድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ስም አልጠራሁም አለች። ራዲዮ አፍጥጣ አየቻትና «ራዲዮ እያላችሁ የምትጠሩኝ እኔን፤ ለካ ራዲዮዋ አንቺ ነሽ» አለቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ የኋላ ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። ሲለቀቁም ቀድማ ወጣች። ቀጮ ከአጥሩ በር ሆና ስትሄድ አየቻት፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ። ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ዛሬ ክንዷን ብትሰጣት እንደማትይዘው አውቃለች። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ግን በሩቅ ጠበቀች።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ ከወትሮው ቀድማ ወጣች። ስለ ካርዱ አላነሳችም፤ ብቻ በሩን ስትዘጋ «መንገድ ስትሻገሪ ሁለቱንም አቅጣጫ» አለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀጮ የራዲዮን ግቢ በር አንኳኳች። ማታ አልጋ ላይ ምን እንደምትል ብዙ ጊዜ አጥንታዋለች፤ አሁን አንዱም ትዝ አላላትም።

የከፈቱት የራዲዮ እናት ናቸው። አንገታቸው ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ከንፈራቸው መካከል ሁለት መርፌ ነክሰዋል። መርፌዎቹን አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩና «ምነው ልጄ፣ በጠዋት? ደኅና ናችሁ?» አሏት። ከኋላቸው ራዲዮ የጥርስ ብሩሽ እንደያዘች ብቅ አለች። ቀጮን ስታይ ባለችበት ቀረች። ከዚያ እናቷ በማያዩበት በኩል ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ቀጮ ያንን የሚነቀነቅ ራስ አየች። ዞራ ብትሄድ ዛሬውኑ ይታረቃሉ፤ ማታ ክንዷን ይዛ ትወጣለች፣ እንደ ድሮው እየለፈለፈች።

«ግቢ እንጂ፣ ደጅ ላይ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ» አሉ እናትየው።

ገባች። የስፌት መኪናው አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቆራረጠ ጨርቅ ተከምሯል፤ ጨርቁን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አበጀች።

«የምትነግርዎት ነገር አላት፣ እትዬ» አለች። «እኔ አልናገርም። አጠገቧ ለመቀመጥ ነው የመጣሁት።»

ተቀመጠችም። ራዲዮ በሩ ላይ እንደቆመች ነች። እናቷ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አዩና ቀስ ብለው ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ቀጮም የመጣው ይምጣ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች።